የቢዮ ዲማ ወንበር

ቢዮ ዲማ አንድ ወንበር ነበራት፤ ድሬ ከተማ ካለው ምክር ቤት፣
ከኋላ ረድፍ፣ ከበሩ ጥግ፣ ቬንትሌተሩ ከማይደርስበት።
የተቀመጠባትን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
«እጅ ጽሑፍህ ያምራል፣ አስተማሪ» ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ።
መዝገቡ ይኸው፤ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል፣
የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክቡን ትቶበታል።

ሙሜ ሮባ። ያለ ተፎካካሪ።
ከአምስት ዓመት በኋላ፦
ሙሜ ሮባ። ያለ ተፎካካሪ።
ደግሞ ከአምስት በኋላ፣ የቢኩ ቀለም ብቻ ተቀይሮ፣
ሙሜ ሮባ።
ማን ይቀናቀነዋል? የውሃው ሞተር ቁልፍ ከሽርጡ ጫፍ ተቋጥሮ!

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልጻፍለት፤
ሐዘን የገባው ቤት ካለ፣ በእኩለ ሌሊት ሞተር ያስነሳለት።
ከስብሰባ ሲመለስ «ምን አላችሁ?» ስንለው፣
«ሞቃት ነበር» ይለናል፤ ቃለ ጉባኤው ያው ነው።
ቁልፉን ግን ለሰው አይሰጥም፤ ሰውም ድምፁን አይነፍገውም፤
ጀሪካን ይዞ የቆመ ከባለ ቁልፍ አይጣላም።

የአራተኛው ዙር ማስታወቂያ በሾላው ግንድ ላይ ተለጠፈ፤
ሞተሩ በዚያው ሳምንት፣ ሦስት ቀን ጥቁር ጭስ ተፍቶ፣ በአራተኛው አረፈ።
አራት ዕጩ በቀለ ያን ጊዜ፣ እንደ ሣር በአንድ ዝናብ፤
ግመል፣ ፋኖስ፣ ባልዲ፤ ቁልፉን ራሱ ሙሜ መረጠ፤ ምን የሚሉት ሒሳብ!
ግመል የጠፋበት ዑመሬ ግመሉ ላይ አተመ፣ «ምናልባት ይመለስ» ብሎ፤
ፋኖሱ ስድስት አገኘ፦ አምስቱ ዘመድ፣ አንዱ ተታልሎ።

ባልዲ፦ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።
ቁልፍ፦ ዘጠና ስድስት።
ሳርቱ ኢብሮ፣ ጎህ ሳይቀድ ወተት ወደ ከፊራ የምታወርድ ሴት፣
ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ ወለሉን አይነካም ነበር አሉ፤
«ውሃ» ባለች ቁጥር ሌሎቹ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ።
ሁለት ዓመት «ውሃ» አለች። አንድ ቃል። አዲሱ ሞተር መጣ፤
እሷ ግን በዚያው ክረምት በወባ ተኛች፤ ከአልጋዋ ሳትወጣ

ማሟያ ምርጫ ተባለ። ማሽላው እሸት ይዞ፣ ወፍ በዝቶ፣
ማን ከማማው ይወርዳል ወንጭፉን ትቶ?
ሁለት መቶ ዘጠና አምስት ሰው መጣ።
ማታ በመማሪያ ክፍሌ፣ በባትሪ ብርሃን ቆጠርን።
ጂብሪል፣ የሙሜ ልጅ፣ ቁልፍ፦ መቶ አርባ ሰባት።
አሊዪ፣ የሳርቱ ወንድም፣ ባልዲ፦ መቶ አርባ ሰባት።
ደገምን። ሠለስን። መቶ አርባ ሰባት፣ መቶ አርባ ሰባት፣
ከጠረጴዛው ጫፍ ደግሞ ብቻዋን አንዲት ወረቀት።

የአሻ ወዳይ ናት፤ አወቅኋት።
አውራ ጣቷን በሕፃንነቷ እሳት በልቶታል፤
ያተመችው በጠቋሚዋ አንጓ ነው፤ ቀለሙ ተንሻፎ መስመሩ ላይ ወድቋል፤
ሩቡ ከቁልፉ፣
ሦስት ሩቡ ከባልዲው።
ደንቡ «አውራ ጣት» ይላል። «ከሳጥኑ ሳይወጣ» ይላል።
ስለ እሳት የሚል ነገር የለውም።
ታዛቢዎቹ እኔን አዩኝ፤ እኔ ደንቡን አየሁት፤
«ዋጋ የሌለው» ብዬ ጻፍኩት።

ዕጣ ሆነ። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ከባርኔጣዬ አንሥታ ሰጠችኝ፤
ጂብሪል። ከረሜላዋን ተቀብላ፣ ሳታየኝ ሮጠችብኝ።
አዲሱ ሞተር ቁልፍ አገኘ፤ ቁልፉም ሽርጥ።
ከዚያ ወዲያ፦ ያለ ተፎካካሪ።
ያለ ተፎካካሪ።

አምና ካርታ የያዙ ልጆች መጡ፤ በእርሳስ አንድ መስመር ሰረዙ፤
ቢዮ ዲማን ከወንዝ ማዶ ቀበሌ ጋር አያያዙ።
«ተጠቃሏል» ይላል ደብዳቤው። ወንበሯ ወዴት እንደሄደች አይልም።
መዝገቡን የሚረከብ ጠፋ፤ እኔም ብዙ አልለመንኩም።

አሻ ሐሙስ ሐሙስ በደጄ ታልፋለች፣ የበለስ ቅርጫት ተሸክማ፤
ሁለት ሦስቱን ትሰጠኛለች፣ እሾሁን በዚያችው አንጓ ጠርጋ።
አንድም ቀን አልጠየቀችኝ።
«ጤና ነህ፣ አስተማሪ?» ትላለች፤ «ጤና ነኝ» እላለሁ፤
ቅርጫቷ ከዓይኔ ሲርቅ፣ መዝገቡን ከአልጋዬ ሥር እስባለሁ።
ምስጡ ሙሜን ጨርሷል። ግመሉ ጋ ደርሷል።
ያቺ ገጽ ገና ደህና ናት፤
ሰማያዊው አልደበዘዘም፣ ፊደሉም ያምራል፦

ዋጋ የሌለው፦ አንድ።